«ጎመን በጤና» ይሆን ዘንድ ከዘሩ በፊት አፈሩ ይመረጥ

ጓሮን በአትክልት ማልማት ለአዲስ አበባ ነዋሪ አዲስ ነገር አይደለም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ሽንኩርት ከከተማዋ ግቢዎች ተለይተው አያውቁም። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ይፋ ከተደረገ ወዲህ ለከተማ ግብርና የሚሰጠው ትኩረት በመጨመሩ፣ ሥራው ከመኖሪያ ቤቶች አልፎ ወደ ትምህርት ቤቶችና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅጥር ግቢም ዘልቋል። ከዚሁ ጋር የሚለሙት የአትክልት ዓይነቶች እየበዙ መጥተዋል።

ከእነዚህ አንዱ አሩጉላ ነው። ጣልያኖች ሩኮላ፣ እንግሊዞች ሮኬት፣ ዐረቦች ደግሞ ጀርጂር ይሉታል። በዐረብ አገሮች ሠርተው የተመለሱ ወገኖች በጥሬው ሲበላ የሚያውቁት፣ በከተማዋ ሆቴሎችም ከሰላጣና ከፒዛ ጋር የሚቀርበው፣ ጣዕሙ ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚል ቅጠል ነው። ዓመታዊው ዓይነት ከተዘራ ከ30 እስከ 40 ባሉት ቀናት ውስጥ ለምግብ መድረሱ፣ ጠባብ ቦታ የሚበቃው መሆኑና አንድ ጊዜ ተዘርቶ ደጋግሞ መቀጠፉ ለከተማ ጓሮ ተመራጭ ያደርገዋል።

ይሁንና የትኛው ዝርያ ይዘራ የሚለው ጥያቄ በሁሉም ሠፈር አንድ ዓይነት መልስ የለውም። በአብዛኛው የከተማዋ ክፍል ምርጫው ከወቅት፣ ከጣዕምና ከውኃ አቅርቦት ጋር የተያያዘ ነው። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ቆሼ እየተባለ በሚጠራው ሥፍራ ዙሪያ ግን ከዘሩ አስቀድሞ የሚመረጥ ሌላ ነገር አለ። እሱም አፈሩ ነው። ይህ ጽሑፍ የአሩጉላንና የአገር ውስጥ ዘመዶቹን ዝርያዎች ልዩነት፣ አመራረጣቸውን፣ እንዲሁም የቆሼ ዙሪያ የሚጠይቀውን ልዩ ጥንቃቄ ያብራራል።

አሩጉላና ዘመዶቹ

አሩጉላ የጎመን ቤተሰብ አባል ነው። የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ሰናፍጭ፣ ፌጦና ፍጁል በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። እነዚህ ዕፅዋት ድኝ ያለባቸውን ንጥረ ነገሮች በውስጣቸው ያከማቻሉ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ወይም ሲታኘክ ንጥረ ነገሮቹ ተለውጠው አፍንጫን የሚሰነፍጠውን ጣዕም ይሰጣሉ። በመሆኑም ሥልጆና ፌጦ ለለመደ ሰው የአሩጉላ ጣዕም ባዕድ አይሆንበትም።

በምግብነቱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። አንድ መቶ ግራም ጥሬ የአሩጉላ ቅጠል 25 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ብቻ ሲሰጥ፣ 160 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 15 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ፣ እንዲሁም ከ100 ማይክሮ ግራም በላይ ቫይታሚን ኬ ይይዛል። ከሌሎች ምግቦች ጋር በመጠኑ ሲቀርብ ማዕዱን ያበለጽጋል።

በገበያ አሩጉላ ተብለው የሚሸጡት ዘሮች ግን ከሁለት የተለያዩ ዕፅዋት የሚገኙ ናቸው። አንደኛው በሳይንሳዊ ስሙ ኢሩካ ሳቲቫ የተባለው ሲሆን፣ በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦና ዘር ሰጥቶ የሚያበቃ ዓመታዊ ተክል ነው። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ አበባውም ነጣ ያለና ጥቁር ሐምራዊ ሥር የሚታይበት ነው። ሁለተኛው ዲፕሎታክሲስ ቴኑይፎሊያ የሚባለውና በተለምዶ የዱር አሩጉላ የሚሰኘው ነው። ይህኛው ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ፣ ቅጠሉ ቀጭንና በጥልቅ የተከፋፈለ፣ ጣዕሙ የበረታ፣ አበባውም ቢጫ ነው።

ልዩነታቸው ከዘሩ ይጀምራል። ከዓመታዊው አሩጉላ አንድ ግራም ዘር ውስጥ 500 ያህል ፍሬዎች ሲገኙ፣ ከዱር አሩጉላው በዚያው ክብደት ውስጥ ብዙ ሺህ ደቃቅ ፍሬዎች ይገኛሉ። ሁለቱን በአንድ ጥልቀትና በአንድ መጠን መዝራት ኪሳራ የሚያስከትለውም ስለዚህ ነው። ዓመታዊው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ሲለብስ ይበቅላል። የዱሩ ዓይነት ግን አፈር ላይ ተበትኖ በስሱ መሸፈን አለበት።

ዝርያ ሲመረጥ የሚታዩ ነጥቦች

የመጀመሪያው ነጥብ የማበብ ጠባይ ነው። አሩጉላ ሙቀት ሲበዛበትና የቀኑ ብርሃን ሲረዝምበት ፈጥኖ ወደ ማበብ ይሄዳል፤ ቅጠሉም ይመርራል። በአውሮፓ በበጋ ወራት የቀኑ ብርሃን 16 ሰዓት ያህል ስለሚዘልቅ አትክልተኞች በዚህ ይቸገራሉ። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ13 ሰዓት በታች ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመገኘቷም አየሯ ለዘብ ያለ ነው። በዚህ ረገድ ከተማዋ ለአሩጉላ የተመቸች ናት ማለት ይቻላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ሞቃት ወራት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ዘግይቶ የሚያብብ ዝርያ መምረጥ ወይም ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያገኝ ቦታ መዝራት ይመከራል።

ሁለተኛው የሚደርስበት ጊዜ ነው። በአጭር ጊዜ ቅጠል ለሚፈልግና በየሦስት ሳምንቱ እየከፋፈለ ለመዝራት ለሚችል ቤተሰብ ዓመታዊው ይስማማል። ዘርቶ ለረጅም ጊዜ መቅጠፍ ለሚፈልግ ደግሞ የዱር አሩጉላው የተሻለ ነው። ይህኛው ለመጀመሪያው ቅጠፋ ከ50 እስከ 60 ቀናት ቢያስጠብቅም፣ ከሥሩ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲቆረጥ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል።

ሦስተኛው ጣዕምና የቅጠል ቅርጽ ነው። ከዓመታዊዎቹ መካከል አስትሮ የተባለው ዝርያ ፈጥኖ የሚደርስና ጣዕሙ የለዘበ በመሆኑ ለጀማሪዎችና ለሕፃናት ይመረጣል። አፖሎ የሚባለው ደግሞ ቅጠሉ ሰፊና ክብ ቢጤ ነው። ከዱር ዓይነቶቹ ሲልቬታ በቀጫጭን ቅጠሉና በጠንካራ ጣዕሙ ይታወቃል፤ የዘንዶ ምላስ የሚል ትርጉም ያለው ድራጎንስ ተንግ በቅጠሉ መሐል በሚያልፈው ቀይ መስመር ይለያል።

አራተኛው ወቅቱና ተባዩ ነው። በክረምት ዝናብ ሲጠነክርና እርጥበት ሲበዛ የቅጠል ሻጋታ በሽታ ይበረታል። በረዶም ለስላሳውን ቅጠል ይቀዳዋል። በበጋ ደግሞ ጥቃቅን ጥቁር ፈንጣሪ ጥንዚዛዎች ቅጠሉን እንደ ወንፊት ይበሱታል፤ ክሽክሽም ይከሰታል። ቅጠሉ በጥሬው የሚበላና በአጭር ቀናት ውስጥ የሚቀጠፍ በመሆኑ ፀረ ተባይ ኬሚካል መርጨት ተገቢ አይደለም። መደቡን ከተዘራበት ዕለት ጀምሮ በስስ መረብ መሸፈን፣ ቦታውንም እየቀያየሩ መዝራት ይበቃል።

አምስተኛው የዘሩ ማሸጊያ ላይ የሰፈረው መረጃ ነው። ገዢው የተክሉን ሳይንሳዊ ስም፣ የታሸገበትን ዓመትና የመብቀል አቅሙን በመቶኛ ማየት አለበት። ስሙ ሳይጠቀስ አሩጉላ ብቻ የሚል ማሸጊያ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አያስችልም። በመድኃኒት የታሸ ዘር ለመዝራት እንጂ ለምግብ አይውልም። በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ የተቀመጠ ዘር እስከ አራት ዓመት የመብቀል ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ይችላል።

የሐበሻ ጎመንን መዘንጋት አይገባም

የውጭ ዝርያ ሲፈለግ በደጅ ያለው እንዳይረሳ መጠንቀቅ ያሻል። በሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ የሚባለው የሐበሻ ጎመን ከደጋው የአገራችን አየር ጋር ለዘመናት የተስማማ ተክል ነው። ናጋሃሩ ዩ የተባለው ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳመለከተው፣ ይህ ተክል ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የተገኘ ነው። ከአንዱ 8፣ ከሌላው 9 ጥንድ ክሮሞዞሞችን ወርሶ 17 ጥንድ ይዟል።

ኢትዮጵያ የዚህ ተክል የብዝኃነት ማዕከል ናት። በ1968 ዓ.ም የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል ተብሎ የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የጎመን ዘሮችን በዘር ባንኩ ይጠብቃል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልም የሎ ዶዶላንና ሆለታ አንድን የመሳሰሉ ዝርያዎችን አውጥቷል።

እዚህ ላይ መራጩ ሊያስተውለው የሚገባ ልዩነት አለ። ከምርምር የወጡት እነዚህ ዝርያዎች በዋነኛነት ጎመን ዘር ለሚባለው የቅባት እህል የተዘጋጁ ናቸው። ፍሬያቸው ለዘይት እንዲሁም በልማድ ምጣድ ለማሰስ ይውላል። ለቅጠሉ ተብሎ የሚዘራው ግን ቅጠሉ ለስላሳና ሰፊ፣ ለማበብም የሚዘገየው ዓይነት ነው። የቅባት ዝርያ በጓሮ ቢዘራ ቶሎ ግንድ አውጥቶ ወደ አበባ ስለሚሄድ ቅጠል የፈለገውን ቤተሰብ ያሳዝናል። በመሆኑም ዘር ሲገዛ ወይም ከጎረቤት ሲወሰድ ለቅጠል የተመረጠ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአሩጉላና በሐበሻ ጎመን መካከል ያለው ሌላው ልዩነት የአበላል ነው። ጎመን በደንብ ተቀቅሎ ይበላል። አሩጉላ በጥሬው ይቀርባል። ስለዚህ ለአሩጉላ የሚውለው ውኃ ንጽሕና ለጎመን ከሚውለው ይበልጥ መጠበቅ አለበት። በተበከለ ወንዝ ውኃ የለማ ጥሬ ቅጠል የታይፎይድ፣ የአሜባና የወስፋት መተላለፊያ ሊሆን ይችላል።

ቆሼ ለምን የተለየ ሆነ

ቆሼ ወይም ረጲ የአዲስ አበባ ቆሻሻ መድፊያ ሆኖ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም ገደማ ነው። በዚያ ዘመን ሥፍራው ከከተማዋ ዳር የነበረ ሲሆን፣ ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ግን በመኖሪያ ሠፈሮች ተከበበ። ከ30 ሄክታር በላይ በሚሸፍነው በዚህ ቦታ ለአሥርተ ዓመታት የቤት፣ የገበያ፣ የጋራዥና የፋብሪካ ቆሻሻ ሳይለይ ተከምሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን አውጆ ነበር። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት የተገነባው የረጲ ጣቢያ በዚያው ሥፍራ ተመርቋል።

የመደርመስ አደጋው ለሁሉም የታየ ነበር። በአፈርና በውኃ ውስጥ የሚሰርገው ብክለት ግን በዓይን አይታይም። የመኪና ባትሪና አሮጌ ቀለም እርሳስን፣ ዳግም የሚሞሉ አንዳንድ ባትሪዎችና ባለቀለም ፕላስቲኮች ካድሚየምን፣ የቆዳ ማልፊያ ተረፈ ምርት ክሮሚየምን፣ የተሰበረ የፍሎረሰንት መብራት ሜርኩሪን ይይዛል። ዝናብ በክምሩ ውስጥ ሲያልፍ እነዚህን አሟሙቶ የሚወጣው ጥቁር ፍሳሽ ቁልቁል ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ተፋሰስ ይወርዳል። ነፋስ አቧራውን፣ እሳት ጢሱን ወደ አጎራባች ግቢዎች ያደርሳል።

ይህ ሁሉ የጎመን ቤተሰብን በተለየ ሁኔታ ይመለከታል። የቤተሰቡ አባላት ከአፈር ውስጥ ከባድ ብረቶችን ስበው በቅጠላቸው የማከማቸት ችሎታ አላቸው። በዚህም የተነሣ የህንድ ሰናፍጭ የተበከለ መሬትን ለማጽዳት በብዙ አገሮች ተሞክሯል። የሐበሻ ጎመንና አሩጉላም በዚሁ ረገድ በተመራማሪዎች የተፈተሹ ዕፅዋት ናቸው። ለመሬት ማጽጃነት የሚያስመሰግናቸው ይኸው ጠባይ በተበከለ አፈር ላይ ለምግብ ሲለሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ያማረና የለመለመ ቅጠል መታየቱም አፈሩ ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ተክሉ ሳይጠወልግ ብረቱን ሊሸከም ይችላልና።

ሁሉም ብረት ግን አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። እርሳስ ከአፈር ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ አብዛኛው ከሥሩ አልፎ ወደ ቅጠል አይወጣም። ዋነኛው አደጋ በቅጠሉ ላይ የሚያርፈው አቧራና ከእጅ ጋር ወደ አፍ የሚገባው አፈር ነው። ስለዚህ አጥቦ መብላት እርሳስን በእጅጉ ይቀንሳል። ካድሚየም በአንጻሩ በውኃ አማካይነት በቀላሉ ወደ ቅጠል ይወጣል። በቅጠሉ ውስጥ የገባውን ካድሚየም ማጠብም ሆነ መቀቀል አያስወግደውም። የዓለም የጤና ድርጅት ለሕፃናት አእምሮ ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን እንዳልታወቀ ማስገንዘቡ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት የጋራ የምግብ ደረጃም በአንድ ኪሎ ግራም ቅጠላ ቅጠል ውስጥ እርሳስ ከ0.3፣ ካድሚየም ከ0.2 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ መወሰኑ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

የዝርያ ምርጫ ብክለትን በተወሰነ ደረጃ ለመቀነስ እንደሚረዳ ግን ማስረጃ አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የታተመና በአዲስ አበባ የለሙ ቅጠላ ቅጠሎችን የመረመረ ጥናት፣ ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ብረት እንደሚይዝ አመልክቷል። በአጠቃላይም ከቅጠል ይልቅ ፍሬያቸው የሚበላው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶልያና ዱባ አነስተኛ ብረት ያከማቻሉ። ይሁን እንጂ የትኛውም ዝርያ የተበከለን አፈር ንጹሕ አያደርግም። ምርጫው በአፈሩ ይጀመር የሚባለውም ለዚህ ነው።

እንደ ቦታው የሚወሰድ ምርጫ

ከላይ የተዘረዘሩትን መሠረት በማድረግ በአካባቢው የሚገኝ ነዋሪ ወይም መሥሪያ ቤት ራሱን ከሚከተሉት ሁኔታዎች በአንዱ ውስጥ ሊያገኝ ይችላል።

አንደኛ፣ ግቢው ከክምሩ ጋር የሚዋሰን፣ ፍሳሽ የሚያልፍበት ወይም ቀድሞ ቆሻሻ የተደፋበት ከሆነ በመሬቱ ላይ አሩጉላም ሆነ ጎመን መዝራት አይገባም። አበባና ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ለዚህ መሬት ይበልጥ ይስማማሉ። ቅጠል የግድ ከተፈለገ ከመሬቱ ጋር በማይገናኝ ዕቃ ውስጥ፣ ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር ብቻ ይልማ።

ሁለተኛ፣ ግቢው ከክምሩ ራቅ ያለ ቢሆንም ያለፈ ታሪኩ የማይታወቅ፣ ጋራዥ ወይም የቀለም ሥራ የነበረበት ከሆነ አፈሩ እስኪመረመር ድረስ በዕቃ ማልማትን ወይም ፍሬያቸው የሚበላ አትክልቶችን መምረጥ ያዋጣል።

ሦስተኛ፣ አፈሩ ተመርምሮ ንጹሕነቱ ከተረጋገጠ፣ ቦታው ሰፊ ከሆነና ውኃ በየቀኑ የማይገኝ ከሆነ የሐበሻ ጎመን ቀዳሚ ምርጫ ነው። ሥሩ ጠለቅ ብሎ ስለሚገባ አጭር ድርቅን ይቋቋማል፤ ተቀቅሎ ስለሚበላም በጥሬ ቅጠል ከሚመጣው የጀርም አደጋ ይጠብቃል።

አራተኛ፣ ቦታው ጠባብ፣ የቧንቧ ውኃም የማይጠፋ ከሆነ አሩጉላ ይመረጣል። ጀማሪ በአስትሮ ዓይነት ፈጣን ዓመታዊ ዝርያ ቢጀምር፣ ልምድ ያለው ደግሞ የዱር አሩጉላን ቢሞክር ይጠቀማል።

በዕቃ ለማልማት ለሁለት የተሰነጠቀ የውኃ ጀሪካን፣ የእንጨት ሣጥን ወይም ወፍራም ማዳበሪያ ከረጢት ያገለግላል። ለዓመታዊ አሩጉላ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ለሐበሻ ጎመን ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያስፈልጋል። ከሥር ውኃ የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። የቀለም፣ የባትሪ አሲድ፣ የዘይትና የፀረ ተባይ ኬሚካል ዕቃ ግን ታጥቦም ቢሆን ለዚህ ተግባር መዋል የለበትም።

አፈሩ ከየት እንደመጣ ማወቅም የግድ ነው። ከቆሻሻ ክምር ሥር የሚወጣው ጥቁርና ልል አፈር በዓይን ሲታይ ለም ይመስላል፤ የተክሉን እድገትም ሊያፋጥን ይችላል። ነገር ግን ሳይለይ የተጣለ ባትሪና ፕላስቲክ አብሮ የበሰበሰበት በመሆኑ ለምግብ አትክልት አይሆንም። ብስባሽ የሚፈልግ ቤተሰብ የራሱን የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የደረቀ ቅጠል ከሌላው ቆሻሻ ለይቶ ቢያዘጋጅ ንጹሕ ማዳበሪያ ያገኛል፤ ወደ መድፊያ የሚሄደውንም ይቀንሳል።

ማዳበሪያ ሲጨመርም መጠን ያስፈልጋል። አሩጉላ ከቅጠላ ቅጠሎች ሁሉ ይበልጥ ናይትሬት የሚያከማች በመሆኑ፣ የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ግራም ቅጠል እንደ መከር ወቅቱ ከ6 ሺህ እስከ 7 ሺህ ሚሊ ግራም ድረስ ገደብ አስቀምጦለታል። ዩሪያ ወይም የዶሮ ኩስ ሲበዛበት ናይትሬቱ ይጨምራል። በጥላና በደመና የበቀለ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ካገኘው የበለጠ ናይትሬት ስለሚይዝ፣ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ወደ ማምሻው መቅጠፍ ይመረጣል።

ለምግብ ሲቀርብም ቅጠሉ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይታጠብ። የውጪዎቹና ከአፈር ጋር የተነካኩት ቅጠሎች ይወገዱ። በአካባቢው ሕፃናት አፈር ከነካ እጅ ጋር ምግብ እንዳይበሉ ማድረግ ከቅጠሉ ምርጫ ባልተናነሰ ጤናን ይጠብቃል።

የጽሕፈት ቤቶች ድርሻ

የከተማ ግብርና ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በተሰራጨው ዘርና ችግኝ፣ በለማው ካሬ ሜትርና በተሳተፈው ቤተሰብ ቁጥር ነው። እነዚህ ቁጥሮች አስፈላጊ ቢሆኑም ቅጠሉ የበቀለበትን አፈር ሁኔታ አይናገሩም። በቆሼ ዙሪያ በሚገኙ ወረዳዎች ዘር ከመታደሉ በፊት የቦታው ታሪክ ቢጠየቅና ውጤቱ በሪፖርቱ ቢካተት ሥራው ከቁጥር አልፎ የነዋሪውን ጤና ይጠብቃል።

የአፈር ምርመራ ሲታሰብ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር፣ ለማዳበሪያ ምክር የሚሠራው የተለመደ የለምነት ምርመራ እርሳስንና ካድሚየምን የማያሳይ መሆኑ ነው። ናሙና የሚልከው ጽሕፈት ቤት ከባድ ብረቶች እንዲለኩ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ናሙናው ከአንድ ግቢ ቢያንስ ከአሥር የተለያዩ ነጥቦች፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተወስዶ፣ በንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ ተቀላቅሎ፣ ግማሽ ኪሎ ግራም ያህሉ ይላካል። ለንጽጽር ያህል የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ለመኖሪያ ግቢ አፈር የሚጠቀምበትን የእርሳስ መመዘኛ በአንድ ኪሎ ግራም አፈር ከ400 ወደ 200 ሚሊ ግራም ዝቅ አድርጎታል።

ምርመራው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚደርስ ወጪ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቢ አንድ ጊዜ መደረጉ ለዓመታት ያገለግላል። በተለይ ተማሪዎች ከሚመገቡት ግቢ የሚቀጠፍ ጎመን በቅድሚያ ሊታሰብበት ይገባል። ምርመራው እስኪደረስ ድረስም ከዘር ጋር ዕቃና ንጹሕ አፈር ማቅረብ፣ የዘሩን ትክክለኛ ስምና የአዘራር መመሪያ በአማርኛና በአካባቢው በሚነገሩ ሌሎች ቋንቋዎች አብሮ መስጠት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ እርምጃ ነው።

አበው «ጎመን በጤና» ሲሉ ጤና እስካለ ድረስ ጎመንም በቂ ማዕድ ነው ማለታቸው ነበር። በቆሼ ዙሪያ ጎመኑ ጤናን ይዞ እንዲመጣ ደግሞ አፈሩ ቀድሞ መታየት አለበት። አፈሩ ከታወቀ በኋላ አስትሮም ሆነ ሲልቬታ፣ የሐበሻ ጎመንም ሆነ ሌላ ዝርያ መምረጥ ቀላሉ ሥራ ይሆናል።